አማቴ መናኸሪያ ወርደዋል፣ ቤቱ ተዝረክርኳል

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ነው። የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ትልቋ 11 ዓመቷ ነው፣ መካከለኛው 7፣ ትንሹ ገና 3። እኔም ባለቤቴም የመንግሥት ሠራተኞች ነን። ባለፈው ሐምሌ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ የባለቤቴ ስልክ ጮኸ። እናቱ ናቸው። ከዳንግላ ተሳፍረው መጥተው መናኸሪያ ወርደዋል። አስቀድመው አልነገሩንም። ሳሎናችን ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተወጠረ ገመድ ላይ ልብስ ተሰጥቷል። ወለሉ ጭቃ ነው። የምሳ ዕቃ አልታጠበም። ልጆቹ የሶፋውን ትራስ አውርደው ቤት ሠርተውበታል። የምሆነው ጠፋኝ። ልብሱን፣ መጫወቻውን፣ ደብተሩን ሁሉ አፍሼ ምኝታ ቤት ከተትኩና በሩን ዘጋሁት። ትልቋን ልጄን «አንቺ ሰነፍ» ብዬ ጮህኩባት። አማቴ ለካ ግቢ ገብተው ነበር፣ ሰሙኝ። ከዚያ እሳቸውን ሳሎን አስቀምጬ ማድቤት ገባሁ። ዕቃ አጥቤ ስወጣ ሳሎን የሉም። ነጠላቸውን ሊያስቀምጡ ምኝታ ቤቱን ከፍተው፣ አልጋው ላይ ቁጭ ብለው ያን ሁሉ ልብስ እያጣጠፉ ነው። አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ማታ ባለቤቴ «በእናቴ ፊት አዋረድሽኝ» አለኝ። አሁን በፍልሰታ ፍቺ ሰሞን ተመልሰው እንደሚመጡ ነግረውታል፤ ቀኑን ግን አላሉም። እባክሽ፣ እንግዳ ድንገት ሲመጣ ከየት ነው የሚጀመረው? ግማሽ ሰዓት ባገኝ ምን ልሥራ?»

እህቴ፣ ስለ ግማሽ ሰዓቱ በዝርዝር እጽፍልሻለሁ። ከዚያ በፊት ግን ስለ ልብሱ ጥቂት ልበልሽ።

አማትሽ አልጋሽ ላይ ተቀምጠው ልብስ ማጣጠፋቸው በጣም አሸማቆሻል። ዝምታቸውንም እንደ ቁጣ የቆጠርሽው ይመስለኛል። እኔ ሳነበው ደስ ነው ያለኝ። በእኛ አገር እንግዳ ሆኖ የመጣ ሰው የሰው ልብስ አይነካም። ሳሎን ቁጭ ብሎ የቀረበለትን ይበላል፣ መርቆ ይሄዳል። ሥራ የሚያነሳ ሰው ራሱን የቤቱ ሰው አድርጎ የቆጠረ ነው። ሊነቅፉሽ የፈለጉ አማት ቢሆኑ በሩን መልሰው ዘግተው፣ ዳንግላ ሲመለሱ ለጎረቤት ያወሩት ነበር። እሳቸው ቁጭ ብለው አጣጠፉልሽ። ልጅ ያሳደጉ እናት ናቸው። ክረምት ላይ ልብስ አልደርቅ ሲል ቤት ምን እንደሚመስል ያውቁታል።

ስለዚህ አሁን ሲመጡ ስለዚያ ቀን ይቅርታ ልጠይቅ ብለሽ አትጨነቂ። «እማየ፣ ያን ቀን ስላገዙኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» በያቸው። በመካከላችሁ የቀረ ቅሬታ ካለ በዚህች ቃል ይለቃል ብዬ አምናለሁ።

ወደ ሥራው እንግባ።

ስልኩ እንደተዘጋ መጀመሪያ የሚወሰነው ማን እንደሚቀበላቸው ነው። ባለቤትሽ ይሂድ። እናቱ ናቸው፣ የደወሉትም ለእሱ ነው። 80 ኪሎ ሜትር ያህል ተሳፍረው የመጡ እናት ዕቃቸውን ተሸክመው ከባጃጅ ሹፌር ጋር ዋጋ መከራከር የለባቸውም። ተቀባይ መላክ ክብር ነው። ለአንቺም ጊዜ ይሰጥሻል። መናኸሪያው ከዓባይ ወዲያ ነው፣ እናንተ ከዓባይ ወዲህ። ብቻ አዲሱ ድልድይ በ2016 ከተከፈተ ወዲህ መንገዱ ሰፊ ነውና እንደ ድሮው ድልድዩ ላይ ይቆያሉ ብለሽ አትተማመኚ።

ታዲያ ባለቤትሽ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሥራ ይሥራ። ገመዱን ያውርድ። ሳሎን መሀል የተወጠረ ገመድ ሲወርድ ቤቱ ወዲያው ይሰፋል፣ ብርሃንም ይገባል። ሌላ ምንም ባትሠሩ እንኳ ይህችው ብቻ ለውጥ ታመጣለች።

አሁን አንቺና ልጆቹ ቀራችሁ። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ ሮጠን የምንገባው ማድቤት ነው። የቆሸሸ ዕቃ ያሳፍራል፣ እጃችንም እሱን ለምዶታል። ጊዜው የሚያልቀው ግን እዚያ ነው። ዕቃ አጥበሽ ስትጨርሺ እንግዳው በር ላይ ነው፣ ሳሎኑ ደግሞ እንደነበረ ነው። አማትም ብትሆን መጀመሪያ የምትገባው ሳሎን ነው። ስለዚህ ሳህኑንም ድስቱንም ትልቅ ሳፋ ውስጥ ክተቺው። ትንሽ ኦሞ ጣል አድርጊበት፣ ሙቅ ውሃ ካለ ሙቅ ውሃ ጨምሪበት፣ ትሪ ክደኚበትና ትተሽው ውጪ። የደረቀ ሽሮና የተጣበቀ እንጀራ ውሃ ውስጥ ከቆየ ራሱ ይለቃል። ማታ ስትመለሺበት ሥራው ግማሽ ሆኖ ይጠብቅሻል።

ከየት ይጀመራል ላልሽው፣ ከበሩ ነው የምልሽ። ወጥተሽ በሩ ላይ ቁሚና እንደ እሳቸው ሆነሽ ግቢ። እግራቸው የት ያርፋል? ነጠላቸውን የት ያደርጋሉ? የት ይቀመጣሉ? እጃቸውን የት ይታጠባሉ? በምን ይጠጣሉ? ሽንት ቤት ቢፈልጉ ምን ያገኛሉ? ማታስ የት ይተኛሉ? እንግዳ የሚነካው እነዚህን ነው። የቡፌው አቧራ፣ የመስኮቱ መስታወት፣ የቁምሳጥኑ ውስጥ ለሌላ ቀን ይቆዩ። በግማሽ ሰዓት ቤት አይጸዳም፣ እንግዳ የሚያልፍበት መንገድ ግን ይጸዳል።

በሩ ላይ በክረምት የሚታየው ጫማና ጭቃ ነው። ጫማውን መካከለኛው ልጅሽ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ይደርድረው። የ7 ዓመት ልጅ ይህን ይችላል፣ ደስም ይለዋል። አንቺ አሮጌ ጆንያ ውሃ አስነክተሽ ደፉ ላይ አንጥፊ። የሚገባው ሁሉ እግሩን ይጥረግበት። ወለሉ ላይ ያለው ጭቃ ከደረቀ ጥረጊው፣ አትወልውዪው። እርጥብ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ በቆሻሻ ማፈሻው ጠርዝ ፋቂና አንሺው። በእርጥብ ጭቃ ላይ መወልወያ ካሳለፍሽበት ቤቱን ሙሉ ትቀቢዋለሽ። ከዚያ ከውስጥ ጀምረሽ ወደ በሩ ጥረጊ፣ የሚረገጠውን ቦታ ብቻ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ወልውዪ። ውሃ አታፍስሺበት። ሊሾ ወለል ሲረጥብ ያዳልጣል፣ የሚገቡት ደግሞ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው።

ቄጤማ ካገኘሽ መልካም። እኛ የጣና ዳር ሰዎች በዚህስ ዕድለኞች ነን። አንድ እፍኝ ቄጤማ የተጎዘጎዘበት ሳሎን የበዓል መልክ ይይዛል። ግን ከተጠረገ በኋላ ይሁን። ቆሻሻ ላይ የተጎዘጎዘ ቄጤማ ሲረገጥ ቆሻሻውን ይዞ ይነሳል።

ስለ ልብሱ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ደብዳቤሽ ውስጥ ያለው ችግር ግማሹ ከዚህ የመጣ ነው። የደረቀውንና እርጥቡን አንድ ላይ አፍሰሽ አልጋ ላይ ከምረሽዋል። በባሕር ዳር ክረምት ይህ አይሆንም። ዝናቡም ሐይቁም ተጨምሮ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። የተከመረ እርጥብ ልብስ ሳይውል ሳያድር ይሸታል፣ ፍራሹንም ያረጥበዋል፣ ተመልሶ መታጠብ ይፈልጋል። እርጥቡን ለብቻው ለዪና በረንዳ ላይ ወይም ሻወር ቤት ስቀዪው። በረንዳው ዝናብ የሚያስገባ ከሆነ አንድ ቀን ላስቲክ አስወጥሪበት። ለደረቀው ደግሞ ንጹሕ አንሶላ መሬት ላይ ዘርጊ። ሁሉንም መሀሉ ላይ ጣይው። አራቱን ጫፍ ሰብስበሽ ቋጥሪው። አንድ ጥቅል ሆነ ማለት ነው። አይጨማደድም አልልሽም፣ ይጨማደዳል። ግን አይበተንም፣ አይቆሽሽም፣ ማታ ስትፈቺው ሁሉም አንድ ቦታ ታገኚዋለሽ።

መጫወቻው ዘንቢል ውስጥ ይግባ። ይህን የ3 ዓመቱ ልጅ ይሥራው፣ «ያችን አምጣ፣ ይችን ክተት» እያልሽው። ደብተር፣ ወረቀት፣ መታወቂያ፣ ቁልፍ ከልብስና ከመጫወቻ ጋር አይቀላቀል። እንዲህ ባለ ጥድፊያ የገባ ወረቀት ሲፈለግ አይገኝም። አንድ ትሪ ላይ ሰብስቢውና ቡፌው ላይ አድርጊው። ካውያ የምትተኩሺ ከነበረ ነቅለሽ ልጅ የማይደርስበት ቦታ አቁሚው። ሙቅ ካውያ ልብስ መሀል ተቀብሮ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፣ ይህን በጥብቅ አደራ እልሻለሁ።

ጥቅሉ የት ይቀመጥ? ምኝታ ቤት አይሁን። ከዳንግላ የመጡ እናት በዕለቱ አይመለሱም፣ ያድራሉ። የሚያድሩበትን ክፍል የዕቃ መደበቂያ ካደረግሽው ማታ ሌላ ችግር ይመጣል። አንድ ጥግ ምረጪ። የልጆቹ ክፍል ይሁን፣ ጓዳ ይሁን፣ አንድ ቦታ ብቻ የተዝረከረከ ሆኖ ይቆይ። በሩንም መቆለፍ አያስፈልግሽም። «እዚህ ልብስ ተከምሯል፣ አይዩብኝ» ብለሽ በግልጽ ብትናገሪ የሚከፋ ሰው የለም።

ምኝታ ቤቱን የከፈቱትስ ለምን ነበር? ነጠላቸውን የሚያስቀምጡበት ስላጡ ነው። ወዲያው ተቀብለሽ ሰቅለሽላቸው ቢሆን ኖሮ በሩን አይነኩትም ነበር። በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ሁለት ማንጠልጠያ ይመታ። ለነጠላ፣ ለጃንጥላ፣ ለቦርሳ። ያመጡት ዕቃም የሚያርፍበት ወንበር ይኑር። ከገጠር የመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም። ቅቤው፣ በርበሬው፣ ድንቹ ሲመጣ «የት ላድርገው» እያልሽ እንዳትዞሪ።

መስኮቱን ገና ሥራ ስትጀምሪ ክፈቺው። ከተማችን በሐይቁ ደቡብ ዳርቻ ናትና ቀን ቀን ነፋሱ ከሐይቁ፣ ማለትም ከሰሜን በኩል ይመጣል። በዚያ በኩል መስኮት ካለሽ እሱንና ትይዩ ያለውን በር ከፍተሽ ተዪው። የተሰጣ ልብስ ሽታና የምግብ ሽታ አንቺ ስትጠርጊ ይወጣል። ማታ ከሆነ ደግሞ መብራት ከማብራትሽ በፊት ዝጊው። የክረምት ማታ የሐይቁን ነፍሳት ሁሉ አምፖልሽ ሥር ይሰበስብብሻል። ቢምቢ ገባ ብለሽ እንግዳ በር ላይ ቆሞ ፀረ ተባይ አትርጪ። ሽታው ጉሮሮ ይይዛል፣ ለልጆቹም ጥሩ አይደለም።

ዕጣን ሽታ ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም። ስለዚህ አስቀድመሽ ቆሻሻውን አውጪ። የልጁ ዳይፐር፣ የዓሣ አጥንት፣ የሽንኩርት ልጣጭ በላስቲክ ታስሮ ከግቢው ጥግ ይውጣ። ዓሣ የተከተፈበት ሰሌዳ ላይ የተቆረጠ ሎሚ እሺበት፣ ሽታውን ይቆርጠዋል። ከዚያ በኋላ ነው ዕጣኑ የሚያምረው። ከሰሉን ውጭ አቀጣጥለሽ አስገቢ፣ ከገባ በኋላም መስኮቱን ጨርሰሽ አትዝጊ። ጭሱ ጠፋ ማለት አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም። የቀላ ከሰል ሽታ የሌለው መርዛም ጋዝ ያወጣል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል።

ሽንት ቤቱ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። አፍስሺበት፣ ፈትጊ፣ አለቅልቂ። ባልዲው ሙሉ ይሁን፣ ማንቆርቆሪያው አጠገቡ። ሳሙና ይኑር። ሁላችሁም የምትጠቀሙበትን ፎጣ አንሺና ንጹሕ ስቀዪ። በጥድፊያ ላይ የሚሠራ አንድ አደገኛ ስሕተት አለ። በረኪናና አሲድ ያለበትን የሽንት ቤት ማጽጃ እንዲጠነክር ብለው አንድ ላይ ያፈሱታል። ሁለቱ ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ሳንባ ይጎዳል። አንዱን ብቻ ተጠቀሚ። ጠርሙሱንም ከትንሹ ልጅ አርቂው፤ እንግዳ ሲገባ ሁላችንም ዓይናችን ከልጅ ላይ ይነሳል።

ውሃ የጠፋ ቀን ቢመጡስ? ለዚህ መፍትሔው አስቀድሞ ነው። ውሃ በመጣ ቁጥር አንድ ጀሪካን ለእንግዳ ብለሽ ሙሊና አትንኪው።

አሁን የባጃጁ ድምፅ ተሰማ እንበል። እህቴ፣ እዚህ ላይ አቁሚ። የቀረው ይቅር። መጥረጊያውን አስቀምጪ፣ እጅሽን ታጠቢ፣ ፊትሽን ጥረጊና ውጪ። አበው ከፍትፍቱ ፊቱ ያሉት ለዚህ ነው። ያን ቀን ትልቁ ጥፋት ገመዱ ወይም ጭቃው አልነበረም። እሳቸው ሳሎን ብቻቸውን መቀመጣቸው ነው። ልጃቸውን፣ ምራታቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ሊያዩ መጥተው ሶፋ ብቻ አዩ። ዕቃ ማጠቡ ማታ ይደርስ ነበር።

ሲገቡ ሁላችሁም ተነሱ፣ «ኖር» ይባል። ነጠላቸውን ተቀበያቸው። ከዚያ እግራቸውን አሳጥቢያቸው። ይህ የወላጆቻችን ወግ በከተማ እየቀረ ነው፣ እኔ ግን በጣም እወደዋለሁ። መንገድ የደከመው እግር ለብ ባለ ውሃ ሲታጠብ ሰውነት ሁሉ ያርፋል። ለአንቺም ትርፍ አለው። ትልቋ ልጅሽ አያቷን ስታጥብ፣ አያትም ሲመርቋት፣ ሳትታይ ረከቦቱን ታቀርቢያለሽ።

ቡናውን ሳሎን አፍዪው። ማድቤት ከገባሽ ብቻቸውን ይቀራሉ። ጀበናና ምድጃ ሳሎን ካለ ግን ሥራሽም እንግዳሽም አንድ ቦታ ናቸው። ቡናውን ስታጥቢ፣ ስትቆዪ፣ ጭሱን ስታሸቺያቸው ጨዋታው ይቀጥላል። የዘጌ ቡና ካለሽ በዚህ ቀን አውጪው። አቦሉ እስኪወርድ ቤቱም ልብሽም ይረጋጋል። እሳቸውም «ልርዳሽ» ካሉ እምቢ አትበያቸው። ምስር በሰፌድ አቅርቢላቸውና አጠገብሽ ተቀምጠው ይልቀሙልሽ። እንደሚወዱት ባለፈው አይተሻል።

ስለ ምግቡ ብዙ አልልም። ቆሎ በቆርቆሮ፣ ድርቆሽ በጆንያ ካለ ቤት ያፈራውን ማቅረብ አያሳፍርም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በዪ። ፍቺው ነሐሴ 16 ነው። ከዚያ ቀድመው ከደረሱ ጾም ላይ ናቸው። ቅዳሴ አስቀድሰው፣ ምንም ሳይቀምሱ ተሳፍረው ሊሆን ይችላል። ለሽሮው ቅቤ ያልነካው ድስት ለይተሽ አስቀምጪ፣ ማማሰያውንም ጭምር። ልጆቹ ዓሣ በልተው ከነበረ ደግሞ መጥበሻውን ከፊታቸው አንሺ። በጾም ዓሣ የማይነኩ ብዙ ናቸው፣ የእሳቸውን ልማድ ሳትጠይቂ አታቅርቢ። ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ደግሞ ቡሄ አለ። የሰፈሩ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ደጅሽ መቆማቸው ስለማይቀር ሙልሙል ስትጋግሪ ለአያትም አንድ አስቀሪ።

ለማደሪያ አንድ ንጹሕ አንሶላ፣ አንድ ብርድ ልብስና አንድ ፎጣ አንድ ላይ ጠቅልለሽ ቁምሳጥን ላይ አድርጊ። ለቤተሰቡ አይነካ፣ ለእንግዳ ብቻ። አጎበሩንም አብረሽ አድርጊ። ቢምቢው በእኛ አገር የወባ ጣጣ አለው፣ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ይብሳል። እንግዳሽን ያለ አጎበር አታሳድሪ።

አሁን ስለ ባለቤትሽ። «በእናቴ ፊት አዋረድሽኝ» ያለሽ ቃል ከጭቃውም ከልብሱም በላይ አሳዝኖኛል። ገመዱ ላይ የተሰጣው ልብስ የእሱም ነው። ምሳውን አብሮ በልቷል። አንቺም እንደ እሱ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ ትውያለሽ። ቤቱ ተዝረክርኮ ከነበረ የሁለታችሁም ቤት ነው የተዝረከረከው። ይህን ሳትጣሉ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ በደህና ሰዓት ንገሪው። «አንተም ጥፋተኛ ነህ» ብለሽ አትጀምሪ። «እናትህ ሲመጡ እኔ ብቻዬን ፈተና የምቀመጥ እየመሰለኝ ነው፣ አግዘኝ» በዪው። ከዚያ ሥራ ቁረጡ። እኔ ብሆን ወለሉንና ሽንት ቤቱን ለእሱ እሰጠው ነበር። ሁለቱም ጉልበት እንጂ ልምድ አይጠይቁም።

ሌላም የእሱ ድርሻ አለ። እናቱን «ሳትነግሩን አትምጡ» ሊላቸው አይገባም፣ አንቺማ በፍጹም። የእናት መምጣት አይከለከልም። ግን አሁኑኑ ደውሎ «እማየ፣ ስትነሺ ደውይልኝ፣ መናኸሪያ ቆሜ ልቀበልሽ» ይበላት። ይህን የምትጠላ እናት አላውቅም። ከዳንግላ ሲነሱ ከደወሉ ግማሽ ሰዓቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆነልሽ ማለት ነው።

የመጨረሻው የትልቋ ልጅሽ ነገር ነው። አያቷ በር ላይ ቆመው ሳለ «ሰነፍ» ተብላለች። የ11 ዓመት ልጅ ይህን አትረሳም። ደግሞም ሰነፍ መሆኗ አይመስለኝም፤ ምን መሥራት እንዳለባት የነገራት ሰው አልነበረም። «ቤቱን አስተካክሉ» ለልጅ ትልቅ ነው፣ ከየት እንደሚጀመር አይታየውም። አንቺ እንኳ ከየት ልጀምር ብለሽ ጽፈሽልኛል። «ትራሶቹን ሶፋው ላይ መልሺ» ብትያት ግን ወዲያው ትሠራዋለች። አንዱን ስትጨርስ ሌላውን ንገሪያት። ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ። ትናንሾቹም ከአንቺ ድምፅ ነው እንግዳ መምጣቱ ደስታ ይሁን መዓት የሚያውቁት። የሠሩትን የትራስ ቤት ደግሞ ሁሉንም አታፍርሺባቸው። አያታቸውን አስጎንብሰው ያስገቧቸው ይሆናል፣ ማን ያውቃል።

ልጅቷን ግን አያቷ እስኪመጡ አታቆይያት። ዛሬ ማታ ጠርተሽ አናግሪያት። «ያን ቀን ደንግጬ ነው የጮህኩብሽ፣ ሰነፍ አይደለሽም» በያት። አባቷም አጠገብሽ ሆኖ ይስማ።